ቀጥ ያለ ጥምዝ፦ ስለ መማር ድካም የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች



ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ከውጭ አገር የመጡ አንድ መምህር የትምህርቱን ዝርዝር አድለውን ሲያበቁ ቆም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ከተናገሩት ውስጥ ጆሮዬ የያዘው ሦስት ቃል ነበር፤ «ስቲፕ ለርኒንግ ከርቭ»። ማታ መኝታ ክፍሌ ገብቼ መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ለ«ስቲፕ» ያገኘሁት ፍቺ «ቀጥ ያለ» ይላል። ለ«ከርቭ» ደግሞ «ጥምዝ»። «ለርኒንግ»ን ማንም ያውቀዋል። ደብተሬ ላይ «ቀጥ ያለ የመማር ጥምዝ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥ ያለ ነገር ጥምዝ ሊሆን አይችልም። የጥያቄ ምልክት አደረግኩበትና ተኛሁ።

እኚያ መምህር የተናገሩት ደግ ነገር ነበር። መጀመሪያ ላይ ይከብዳችኋል፣ አትደናገጡ፣ ከእናንተ በፊት ለመጡትም እንዲሁ ነበር ማለታቸው ነው። ይህ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት ትምህርቱ በከበደኝ ቁጥር ጥፋቱ የራሴ ጭንቅላት ነው ብዬ አምን ነበር። የሚያጽናናኝ ቃል ደብተሬ ላይ ተጽፎ ሳለ ልጠቀምበት አልቻልኩም። ዛሬ ከፊታችሁ ያቆመኝ ይህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ ልጆቻችን ፊዚክሱንና ፊዚክሱ የሚነገርበትን ቋንቋ በአንድ ጀርባ ይሸከማሉ። የፊዚክሱን ቃል መጽሐፉ ይፈታላቸዋል፤ ፍጥነት ምን እንደሆነ፣ ጉልበት ምን እንደሆነ በሣጥን ተከቦ ተጽፎ ያገኙታል። መምህሩ በንግግሩ መካከል ጣል የሚያደርጋትን ፈሊጥ ግን ማንም አይፈታላቸውም። ማበረታቻውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ አንዳንድ ጊዜም ስድቡ ያለው እዚያች ፈሊጥ ውስጥ ነው።

ፈሊጥ የሚጠናበት የተለመደው መንገድ ዝርዝር መሸምደድ ነው። በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ ይደረደራል፤ ተማሪው ለፈተና ይይዘዋል፣ ከፈተና በኋላ ይጠፋበታል። እኛ ግን ከዚህ የሚሻል ስልት ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ እርሱም የቅኔ ቤት ስልት ነው። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ዋድላም ይሁን ሌላ ጉባኤ ቤት፣ የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ሲያርሙት ወርቁን ብቻ አይጠይቁትም። ሰሙ ምንድን ነው? ሰሙ በራሱ ይቆማል ወይ? ይሉታል። ስያሜው የመጣው ከአንጥረኛው ነውና። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። የሰሙ ቅርጽ ከተበላሸ የወርቁም ቅርጽ ይበላሻል።

የእንግሊዝኛ ፈሊጥም ሰምና ወርቅ ነው። ችግሩ ሰሙ ከእኛ አገር አለመሆኑ ነው። የተበጀው በመርከብ ላይ፣ በፋብሪካ ውስጥ፣ በመዋኛ ገንዳ ዳር ነው። ወርቁን ብቻ ለተማሪ መስጠት ያለ ቅርጽ ማፍሰስ ነው፤ አይያዝም። እስቲ የጥቂቶቹን ሰም ሄደን እንየው።

ከራሴ ጥምዝ እጀምራለሁ፤ ታሪኩ ሰፊ ስለሆነ ታገሡኝ። «ከርቭ» የተባለው ግራፍ ላይ ያለ መስመር ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ቅጥልጥሎች እየሠራ በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ። ስንት ጊዜ ሲደግማቸው እንደሚይዛቸው፣ ከያዛቸውስ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚያመልጡት እየለካ ጻፈ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ከአንድ ቀን በኋላ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ድካም የተቆጠበለት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበር። ቅድም ያነሳሁት ዝርዝር የሸመደደ ተማሪ የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ሰሙን ያላየ ሰው ፈሊጡን የሚይዘው ትርጉም እንደሌለው የፊደል ቅጥልጥል ነውና።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1936 ቴዎዶር ፖል ራይት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ስለ አውሮፕላን ዋጋ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሠራተኞች እጃቸው እየተፈታ ሲሄድ ምን እንደሚሆን አስልቶ ነበር። የሚሠራው አውሮፕላን ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንዱ በአማካይ የሚፈጀው ጉልበት 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 100 ሰዓት ይፈጅ የነበረው 80 ይሆናል፣ ከዚያ 64፣ ከዚያ 51 ግድም። ይህን በወረቀት ላይ ሥሩት፤ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር ሠራተኛው ቶሎ ተማረ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በመሐንዲሱ ዓይን የበረታው ጥምዝ የምሥራች ነው። ቃሉ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሕዝብ አፍ ሲገባ ግን ትርጉሙ ተገለበጠ። ሕዝቡ ግራፉን አላየም፤ «ስቲፕ» ሲባል ሰማ፣ ወዲያው ቀጥ ያለ ዳገት ታየው። ዛሬ በጋዜጣም በቢሮም «ስቲፕ ለርኒንግ ከርቭ» ሲባል ለመማር የሚያታግል ነገር ማለት ነው። ይህን አጠቃቀም ስሕተት ነው ብለው እስካሁን የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ። እኔ በዚህ ክርክር ከሕዝቡ ጋር ነኝ። ፈሊጥ የተናጋሪው ነው፤ ሕዝቡ ግራፉን ጥሎ ተራራውን ከመረጠ ሰሙ ተራራው ነው። ተማሪ ግን ሁለቱንም ማወቅ አለበት፤ በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው ፍጥነት ሊሆን ይችላል፣ በሰው አፍ ሲያገኘው ድካም ነው።

ተራራውን ካየን በኋላ ትርጉሙ ከእጃችን አይርቅም። «ትምህርቱ ዳገት ሆነብኝ» እንል የለ? መዝገበ ቃላቱ ጥምዝ እያለ ሲያስጨንቀኝ አያቴ በየቀኑ የምትናገረው ቃል አጠገቤ ነበር። ዳገት ደግሞ ጥሩ ቃል ነው። እንጦጦን በእግሩ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ዳገቱ ነው ይላል። እኔ መራመድ አልችልም አይልም። ድካሙ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። እኚያ መምህር ሊሰጡኝ የሞከሩት ይህንን ነበር።

ሁለተኛው «ለርኒንግ ዘ ሮፕስ» ነው። ቃል በቃል ገመዶቹን መማር። ከብት ጠባቂ የነበረ ልጅ ገመድ ሲባል የሚታየው ጥጃ የሚታሰርበት ነው፤ ከጥጃ ማሰሪያ ተነሥቶ «የአዲስ ሥራን ውስጠ ነገር መልመድ» ወደሚለው ትርጉም የሚያደርስ መንገድ የለም። ሰሙ ያለው የሸራ መርከብ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ከየሸራው የሚወርዱ ብዙ ገመዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ስም አለው፣ እያንዳንዱ የሚታሰርበት ቦታ አለው። አዲስ መርከበኛ ሌሊት በማዕበል ውስጥ፣ ያለ መብራት፣ በእጁ ብቻ ዳስሶ ትክክለኛውን ማግኘት አለበት። ከተሳሳተ ሰው ሊሞት ይችላል።

በጽሑፍ ከሚጠቀሱት ቀደምት ምስክሮች አንዱ የሪቻርድ ሄንሪ ዴና መጽሐፍ ነው። ዴና የሃርቫርድ ተማሪ ነበር። ኩፍኝ ታሞ ዓይኑ ስለደከመ ማንበብ ተሳነው፤ ትምህርቱን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1834፣ በ19 ዓመቱ፣ ተራ መርከበኛ ሆኖ ከቦስተን ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። ያየውን እ.ኤ.አ. በ1840 አሳተመ። ይህ ሰው ለእኔ ከፈሊጡ ጋር የተገመደ ነው። ከመጽሐፍ የተለየ ተማሪ ገመድ ሊማር ሄደ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ገመዱን ያውቃል የሚባለው ያንን የባሕር ዳርቻ ከዚያ በፊት ያየ ካፒቴን ነው፤ ማለትም ፈሊጡ በዚያ ጊዜም ከገመድ ወጥቶ ወደ ልምድ ተሻግሯል።

ይህን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ባሕር ላላዩ ልጆች የሽመና ጉድጓድ እጠቅስላቸዋለሁ። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ድሩን ከማጉ ይለያል፣ የትኛው ክር ሲበጠስ በየት በኩል እንደሚቀጠል በጣቱ ይማራል። ማንም በቃል አይነግረውም። የመርከቡ ገመድ እንዲህ ነው ስላቸው ፊታቸው ይበራል። አንዲት ተማሪ «እንግዲያው ገመዱ አያስርም፣ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው» ብላኛለች። ከዚህ የተሻለ ፍቺ በመጽሐፍ አላየሁም።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ በማሳሳት ግን ከሁሉ ይብሳል። «ባይ ሃርት»፤ በልብ። እንግሊዝኛው አንድን ነገር በቃል መያዝን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ትርጉሙ ገብቶህ ይሁን ሳይገባህ አይጨነቅም። እኛ ዘንድ ግን ልብ የማስተዋል መቀመጫ ነው። ልብ በል እንላለን፣ ልቡና እንላለን፣ ልብ ወለድ እንላለን። ስለዚህ የእኛ ተማሪ «ባይ ሃርት አውቀዋለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ጠልቄ ተረድቼዋለሁ ማለቱ ነው፤ የሚሰማው እንግሊዛዊ ግን ሸምድጄዋለሁ ብሎ ይሰማዋል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ለሽምደዳ እኛ ያለን ቃል «በቃል» ነው፤ አፍን እንጂ ልብን አይጠራም። በዚህ ጉዳይ የእኛ ቋንቋ ይበልጥ ጠንቃቃ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ ስለ መረዳት ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ወደ ነገሩ ይሄዳል፤ ይጨብጠዋል፣ ይይዘዋል፣ ይደርስበታል። ካልቻለ ነገሩ «ኦቨር ማይ ሄድ» ይሆናል፣ ከራሱ በላይ ያልፋል። በአማርኛ የሚንቀሳቀሰው ትምህርቱ ነው። «ገባኝ» ስንል የገባው ማን ነው? ትምህርቱ ነው። እኔ ቤቱ ነኝ፣ እርሱ እንግዳው። «አልገባኝም» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ በቋንቋው ሰዋስው መሠረት አላጠፋም፤ ያልገባው ትምህርቱ ነው። ያንኑ ልጅ «ጭንቅላትህ አይቀበልም» ያልነው ዕለት ግን በሩን የዘጋው እርሱ ሆነ። ሁለቱም አማርኛ ነው፤ የቱን እንደምንመርጥ መምህራንና ወላጆች እናስብበት።

ወደ አራተኛው ልለፍ። «ኢትስ ኦል ግሪክ ቱ ሚ»፤ ለእኔ ሁሉም ግሪክኛ ነው፣ ማለትም ምንም አልገባኝም። ፈሊጡን ያስፋፋው ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1599 ገደማ የጻፈው «ጁሊየስ ቄሣር» ነው። እዚያ ላይ ካስካ የሚባለው ሰው ሲሴሮ ምን እንደተናገረ ሲጠየቅ ይህንኑ ይመልሳል። ልብ አድርጉ፤ ሲሴሮ የተናገረው በእርግጥም በግሪክኛ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ሰሙና ወርቁ አንድ ላይ ናቸው። ከዚያ በፊትም ግሪክኛ አይነበብም የሚል የላቲን አባባል ነበር። ሌሎች ሕዝቦችም የየራሳቸውን ሩቅ ቋንቋ መርጠዋል። ጀርመኑ ስፓኝኛ ሆነብኝ ይላል፣ ፈረንሳዩ ቻይንኛ፣ ግሪኩ ራሱም ቻይንኛ ነው የሚለው።

ኢትዮጵያዊ ይህን ፈሊጥ ሲሰማ ትንሽ ሊቆም ይገባዋል። ለአክሱም ግሪክኛ የማይገባ ቋንቋ አልነበረም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች የጉዞ መመሪያ፣ ፔሪፕለስ የሚባለው፣ በዚህ አካባቢ ይገዛ የነበረው ዞስካሌስ የግሪክኛ ትምህርት እንደነበረው ይመሰክራል። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ ቀርጸዋል። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ከግእዙ ጋር ግሪክኛም አለው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪክኛው ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ ግሪክኛ ለምን የማይገባ ነገር ምሳሌ እንደሆነ ግራ ቢገባው ተገቢ ነው፤ የምዕራብ አውሮፓ ሰው በመካከለኛው ዘመን ግሪክኛን ረስቶት እንደነበር ሲነገረው ሰሙ ይቆምለታል።

እኛስ ምን እንላለን? «ነገሩ ቅኔ ሆነብኝ» እንላለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። እንግሊዙ ያልገባውን ነገር የባዕድ ቋንቋ ብሎ ከደጅ ይተወዋል። እኛ ያልገባንን ነገር የምንጠራው በራሳችን ታላቅ ትምህርት ስም ነው። ግሪክኛ ነው ያለ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ሊሄድ ይችላል። ቅኔ ነው ያለ ሰው ግን ውስጡ ወርቅ እንዳለ አምኗል፤ ጊዜ ስጡኝ ማለቱ ነው። ሁለቱን ፈሊጦች እኩል አድርጎ የሚተረጉም መጽሐፍ ይህን ልዩነት ይጥለዋል።

«በርኒንግ ዘ ሚድናይት ኦይል» አያስቸግረንም። የእኩለ ሌሊቱን ዘይት ማቃጠል። በኩራዝ ያጠና ሁሉ ጭሱን ያስታውሰዋል፤ በመንገድ መብራት ሥር ያጠናውም ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ፍራንሲስ ኳርልስ እ.ኤ.አ. በ1635 ተጠቅሞበታል። ጥንትም የግሪካዊውን ተናጋሪ የዴሞስቴንስን ንግግር የኩራዝ ክር ይሸታል ብለው እንደተቹት ጸሐፊው ፕሉታርክ ጽፏል። ልዩነቱን አደራ የምለው ከሌላኛው ፈሊጥ ጋር ነው፤ ሻማን በሁለት ጫፍ ማቃጠል የሚባለው ራስን መጨረስ ነው፣ ምስጋና የለበትም። ተማሪዎች ሁለቱን ሲቀላቅሉ አያለሁ።

«ዲፕ ኢንድ» የሚባለውም አጭር ነው። የመዋኛ ገንዳ አንዱ ዳር ጥልቅ፣ ሌላው ዳር ጥልቀት የሌለው ነው፤ ያልሠለጠነን ሰው በጥልቁ በኩል መወርወር ያለ ዝግጅት ሥራ ላይ መጣድ ማለት ነው። በወንዝ ዳር ላደገ ልጅ ወንዙ ሁለት ዳር እንጂ ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ጫፍ ስለሌለው ገንዳውን በሥዕል ማሳየት ይበቃል።

አሁን ወደማልወዳቸው ልምጣ። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ የኤውክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል አምስተኛው አንቀጽ፣ ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን የሥር ማዕዘኖቹም እኩል መሆናቸውን ያስረዳል። አውሮፓውያን መምህራን ይህን አንቀጽ «የአህዮች ድልድይ» ብለው ሰየሙት፤ ደካማ ተማሪ እዚያ ላይ ይቆማልና። በእንግሊዝኛም ፈሊጥ ሆኖ ይኖራል። ስሙን ያወጣው ከድልድዩ ወዲያ ማዶ የቆመ ሰው መሆኑ ግልጽ ነው። እኛ አገር አህያ የተባለ ተማሪ ምን እንደሚሰማው ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ይኖራል። ዳገቱ ድካሙን በመንገዱ ላይ ሲያሳርፍ ይህኛው በልጁ ላይ ይጭነዋል። ፈሊጡን አስተምራለሁ፣ በተማሪ ላይ ግን አልናገረውም።

ለዚሁ ለኤውክሊድ የሚነገርለት ሌላ ቃል ደግሞ ተቃራኒው ነው። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሮክሉስ እንደጻፈው ንጉሥ ቶሎሚ ጂኦሜትሪን ለመማር አጭር መንገድ የለም ወይ ብሎ ጠየቀው። ኤውክሊድም ወደ ጂኦሜትሪ የሚያደርስ የንጉሥ መንገድ የለም አለው። ከዚህ «ሮያል ሮድ» የሚለው ፈሊጥ ተወለደ። ሰሙ እውነተኛ መንገድ ነው። የፋርስ ነገሥታት ከሳርዲስ እስከ ሱሳ የዘረጉት ጎዳና ነበራቸው፤ ሄሮዶቱስ እግረኛ በ90 ቀን ይጨርሰዋል ይላል፣ የንጉሡ መልእክተኞች ግን በየማረፊያው ፈረስ እየለወጡ ይበሩበት ነበር። ኤውክሊድ ያለው ለትምህርት ፈረስ የሚለወጥበት ጎዳና የለም ነው፤ የተናገረውም ለንጉሥ ነው። ከገጠር መጥቶ በከተማ ልጆች መካከል ለሚያፍር ተማሪ ይህን ታሪክ ሙሉውን ንገሩት። በዝርዝር ላይ «ሮያል ሮድ፦ አቋራጭ» ተብሎ ሲጻፍለት ንጉሡ ይጠፋበታል።

የመጨረሻው ስለ ሽምግልና ነው። አሮጌ ውሻ አዲስ ጨዋታ አይማርም የሚለው የእንግሊዞች ተረት ጥንታዊ ነው፤ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የተረት ስብስብ ውስጥ ቀደምት መልኩ ይገኛል፤ በዚያ ውሻው የሚከብደው አፍንጫውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ማሽተት ነው። እኛም ካረጁ አይበጁ እንላለን። እንግሊዞች የውሻውን ተረት ስለ ራሳቸው አባት ሊናገሩት ይችላሉ፤ እኛ ግን ቃል በቃል ተርጉመን ሽማግሌ ፊት ብንናገረው ከባድ ስድብ ነው። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ እያሰቡ በአማርኛ ለአያቶቻቸው ሲናገሩ እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። ደግሞም ተረቱ እውነት አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ፊደል ሊቆጥሩ ከተቀመጡት መካከል የልጅ ልጅ ያዩ ነበሩ። አያቴ ከነሱ አንዷ ናት። ስሟን ስትጽፍ ጣቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዳገት ነው ትል ነበር፣ ጻፈችው ግን።

ያ የመጀመሪያ ዓመት ደብተሬ ዛሬም አለ። «ቀጥ ያለ የመማር ጥምዝ» ከሚለው ጽሑፍና ከጥያቄ ምልክቱ በታች በኋላ ሁለት ሥዕል ሠርቼበታለሁ፤ በግራ የራይት መስመር ከ100 ወደ 51 ሲወርድ፣ በቀኝ የእንጦጦ ዳገትና አንዲት ሸክም ያላት ሴት። ይዤው መጥቻለሁ። ከፊት ወንበር ያላችሁ ተቀበሉኝና ወደ ኋላ አሳልፉት፤ እስኪመለስ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።